ቤተ ሰብን ይዞ አንበሳ ለማየት ስለ መሄድ

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው አንበሳ ሳያይ የሚውልበት ቀን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገበያ ወጥቶ መልስ ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የአንበሳ ራስ ያገኛል። በብሔራዊ ቴአትር በኩል ሲያልፍ ከድንጋይ የተሠራው አንበሳ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያየዋል፤ ወደ ለገሃር ዝቅ ቢል ደግሞ ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ ከመቆሚያው ላይ አለ። ዘመድ ሲታመምበት የሚጠይቀው ጥቁር አንበሳ ከተባለው ሆስፒታል ነው። በአንበሳ ስም የተጠራ አውቶቡስም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት ሲያመላልሰን ኖሯል።

ነገር ግን ይህን ሁሉ አንበሳ ሲያይ የኖረ ሰው ሕያው አንበሳ በዕድሜው ስንት ጊዜ አይቷል? ቢያይስ ስንት ደቂቃ ቆሞ አይቷል? ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ የሚያኮራ እንዳይሆን እፈራለሁ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን አንድ ጊዜ፣ ልጆች ከወለድን በኋላም አንድ ጊዜ ሄደን፣ ከብረት ፍርግርጉ ፊት ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ «ተኝቷል፤ እንሂድ» ብለን የተመለስን ነን። ሕፃኑም በቤቱ «አንበሳ አየህ ወይ?» ሲባል «አዎን» ይላል። ምን እንዳየ ግን ሲጠየቅ ዝም ይላል። የሚነግረው ነገር ስላልሰጠነው ነው።

በዛሬው ንግግሬ ላስረዳ የፈለግሁት አሳብ ይህ ነው። ልጆቹን ይዞ ወደ መካነ አራዊት የሚሄድ የቤተ ሰብ አባት፣ ብዙ አራዊት በጥድፊያ ከማሳየት ይልቅ አንዱን በትዕግሥት ቢያሳይ ለልጆቹም ለአውሬውም ይበጃል። ለምሳሌ የምወስደው አንበሳን ነው፤ ምክንያቱም የእኛ አገር አንበሳ ከሌላው የሚለይበት ነገር እንዳለው ሊቃውንት የመሰከሩለት ስለ ሆነና፣ በስሙ የምንኮራውን ያህል ጠባዩን የማናውቀው ስለ ሆነ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አራዊትን በግቢ ማኖር በየአገሩ በመጀመሪያ የነገሥታት ሥራ ነበር። በቪየና የሾንብሩን ቤተ መንግሥት መካነ አራዊት በ1752 ተቋቋመ። የሎንዶኑ በ1828 ለሳይንስ ማኅበር አባሎች ብቻ ተከፍቶ፣ ተራው ሕዝብ በ1847 እንዲገባ ተፈቀደ። ከዚያም በ1907 ካርል ሐገንቤክ የተባለው ጀርመናዊ በሐምቡርግ አጠገብ ፍርግርጉን አንሥቶ በሰውና በአውሬው መካከል ጥልቅ ቦይ በመቈፈር፣ አንበሳው በሜዳ ላይ እንደ ቆመ ሆኖ እንዲታይ አደረገ። ዛሬ በብዙ አገሮች የምናየው አሠራር የተወረሰው ከዚህ ነው።

በአገራችንም ነገሥታት አንበሳ በግቢያቸው ማኖራቸው የታወቀ ልማድ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 በስድስት ኪሎ ያቋቋሙት የአንበሳ ግቢ ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እምብዛም ሳይርቅ የተሠራ ሲሆን፣ ቤተ መንግሥቱ ራሱ በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። በዚያ ሰፈር ያደጉ ሰዎች በሌሊት የአንበሶቹን ማግሳት እየሰሙ መተኛታቸውን እስከ ዛሬ ያወሳሉ። የግቢው አንበሶች ዘር የመጣው በመጀመሪያ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተያዙ 7 አንበሶች፣ ማለት ከ5 ወንዶችና ከ2 ሴቶች፣ መሆኑ ይነገራል። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የተከፈተው የአንድነት ፓርክም በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ጥቁር ጎፈር ላላቸው አንበሶች ቦታ አዘጋጅቷል።

እንግዲህ ወደ ቦታው እንግባ። ልጆቹ ሮጠው ከፊት ይደርሳሉ። አንበሳው ተጋድሟል። በኛ ዘንድ የቤተ ሰብ ጉብኝት ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በዚህ ላይ ነው፤ ትምህርቱ ግን የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አንበሳ ሰነፍ ስለ ሆነ ወይም ስለ ታሰረ ብቻ አይደለም የሚተኛው። በዱር ያለው አንበሳም ቢሆን ከ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 20 ሰዓት ድረስ ተኝቶ ወይም ተጋድሞ ያሳልፋል። ምክንያቱም ምግቡ ሥጋ ነው። ላም ወይም አጋዘን ኃይሉ አነስተኛ የሆነውን ሣር ሲግጥና ሲያመነዥግ ይውላል፤ ጊዜ ያጥረዋል እንጂ አይተርፈውም። አንበሳ ግን አንድ ጊዜ አድኖ ከጠገበ፣ እስከ 30 ኪሎ የሚደርስ ሥጋ በአንድ ማዕድ ጨርሶ፣ ለጥቂት ቀናት ምንም ሳይበላ ሊቈይ ይችላል። አደኑም በአብዛኛው በጨለማ ነው። ቀን በፀሐይ መሮጥ ለርሱ ትርፍ የሌለው ድካም ነው።

በዚህም ምክንያት በብዙ አገሮች ያሉ መካነ አራዊት አንበሶቻቸውን በየቀኑ አያበሉም፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ያስጾሟቸዋል። ረቡዕና ዓርብ መሆኑን ግን አላረጋገጥሁም። ይህን ለልጅ ብትነግሩት ከተረት የበለጠ ይይዘዋል፤ ምክንያቱም ጾም ማለት ምን እንደ ሆነ በቤቱ ያውቃል።

ስለዚህ አንበሳው ተኝቶ ካገኛችሁት ከፊቱ ቁጭ በሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ታገሡ። በተኛ አንበሳ ላይ የሚታየው ነገር ብዙ ነው። ጅራቱን ተመልከቱ፤ በጫፉ ላይ ጥቁር የጠጕር ጕንጕን አለ። ከድመት ወገን ከሆኑት አራዊት ሁሉ እንዲህ ያለ የጅራት ጫፍ ያለው አንበሳ ብቻ ነው። መዳፉን ተመልከቱ፤ ጥፍሩ አይታይም፤ ቢላዋ ወደ ሰገባው እንደሚገባ ወደ ውስጥ ተሰብስቧል፤ በከንቱ መሬት እየነካ እንዳይዶለዱም ነው። ዓይኑን ሲከፍት የብሌኑን ቅርጽ ልብ በሉ፤ በቤታችሁ ያለችው ድመት ብሌን በብርሃን ቀጭን ስንጥቅ ትሆናለች፤ የአንበሳ ብሌን ግን እንደ ሰው ክብ ሆኖ ይጠብባል። ልጁ በዚያው ማታ የቤቱን ድመት ዓይን ሊመረምር መሮጡ አይቀርም። እኔ በበኩሌ ከዚህ የሚበልጥ የሳይንስ ትምህርት አላውቅም፤ ዋጋውም ለድመቷ ጥቂት መሰላቸት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጎፈሩ እንምጣ። የአዲስ አበባው ወንድ አንበሳ ጎፈር ጠቆር ያለ፣ ከራሱና ከአንገቱ አልፎ በደረቱ ላይ ወርዶ እስከ ሆዱ የሚደርስ ነው። ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ «ጎፈሩ ለምን ይጠቅመዋል? ለምንስ ጥቁር ሆነ?»

ብዙ ዘመን ሰዎች ጎፈሩ በጠብ ጊዜ አንገቱን እንደ ጋሻ ይከላከልለታል ሲሉ ኖረዋል። ፔይተን ዌስትና ክሬግ ፓከር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በታንዛኒያ በሴሬንጌቲ ሜዳ ይህን ነገር ለመመርመር አንድ አስቂኝ የሚመስል ዘዴ አወጡ። በአንበሳ መጠን የተሠሩ አሻንጕሊቶች አዘጋጅተው፣ ለአንዱ ጥቁር፣ ለአንዱ ነጣ ያለ፣ ለአንዱ ረዥም፣ ለአንዱ አጭር ጎፈር አለበሱና በሜዳው ላይ አቆሟቸው። ከዚያም እውነተኞቹን አንበሶች ጠሩ። እንስቶቹ ወደ ጥቁሩ ቀረቡ። ወንዶቹ ግን ለመጋጠም ሲያስቡ ጎፈሩ ረዥምና ጥቁር ከሆነው ርቀው፣ አጭርና ነጣ ያለ ወደ ለበሰው አዘነበሉ። በ2002 የታተመው ይኸው ጥናት ጥቁር ጎፈር ያለው ወንድ በደሙ ውስጥ ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድነት ንጥረ ነገር ከፍ ያለና በሚገባ የተመገበ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ጎፈር ጋሻ ከመሆኑ ይልቅ ማስታወቂያ ነው ማለት ነው፤ አንበሳው ስለ ራሱ ጤንነት ለወዳጅም ለጠላትም የሚናገርበት ነው። ግን በነጻ የተገኘ ማስታወቂያ አይደለም፤ ጥቁር ጎፈር የለበሰ አንበሳ በሙቀት ከሌላው ይበልጥ ይቸገራል።

ከዚሁ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ነገር አለ። በቺካጎ የፊልድ ሙዚየም ባልደረባ የሆነው ብሩስ ፓተርሰንና ጓደኞቹ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች ባሉ መካነ አራዊት የሚኖሩ አንበሶችን ጎፈር ለክተው በ2006 አሳተሙ። በቀዝቃዛ ከተማ የሚኖረው አንበሳ ጎፈር በሞቃት ከተማ ከሚኖረው የረዘመና የተጠቀጠቀ ሆኖ ተገኘ፤ በአንበሶቹ መካከል ከታየው የርዝመትና የጥቅጥቅነት ልዩነት እስከ ግማሽ የሚሆነው በብርድና በሙቀት ምክንያት የመጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኗን አስቡ። ሐምሌ ላይ እኛ ካፖርት ስንደርብ፣ ጋቢም ስንደራርብ፣ አንበሳውም የራሱን ካፖርት ለብሷል ማለት ነው።

ታዲያ የኛ አንበሳ ልዩነት የብርድ ሥራ ብቻ ነው? በ2012 የታተመ ጥናት ለዚህ መልስ ፈለገ። በጀርመን አገር በላይፕሲግ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋምና የእንግሊዝ አገር የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባው ግቢ 15 አንበሶች፣ ማለት ከ8 ወንዶችና ከ7 ሴቶች፣ ናሙና ወስደው የዘር ውርሳቸውን በሌላው የአፍሪካ ክፍል ካሉት የዱር አንበሶች ጋር አስተያዩት። ውጤቱም የአዲስ አበባዎቹ በዘር ውርሳቸው ራሳቸውን የቻሉ ልዩ ወገን መሆናቸውን የሚያሳይ ሆነ። ተመራማሪዎቹም በልዩ ጥንቃቄ እንዲጠበቁና እንዲራቡ አሳሰቡ። እንግዲህ በፍርግርጉ ውስጥ ተጋድሞ «ተኝቷል፤ እንሂድ» የምንለው ፍጥረት በሌላ ከተማ ብንሄድ በቀላሉ የምናገኘው አይደለም።

ስለ ሴቷ አንበሳ ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም፤ ጎፈር ስለሌላት ጎብኚው ሁሉ ፊቱን ያዞርባታልና። በዱር ግን ቤቱ የርስዋ ነው። የአንበሳ መንጋ ማለት እናቶች፣ እኅትማማቾችና ሴቶች ልጆች በአንድ አገር የሚኖሩበት ቤተ ዘመድ ሲሆን፣ ወንዶቹ መጥተው ጥቂት ዓመታት ከቈዩ በኋላ በሌሎች ወንዶች ተባርረው የሚሄዱ ናቸው። አብዛኛውን አደን የሚያድኑትም እንስቶቹ ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንበሶቹ ራሳቸው እንደሚያብሩ ግን ምሳሌው አይነግረንም። ሴቷ 110 ቀን ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ደቦሎች ትወልዳለች። ደቦሎቹ ሲወለዱ ዓይናቸው የተከደነ፣ ገላቸውም እንደ ነብር ነጠብጣብ ያለበት ነው፤ ነጠብጣቡ ሲያድጉ ይደበዝዛል። በአንድ ጊዜ የወለዱ እናቶችም አንዷ የሌላይቱን ደቦል ታጠባለች። ባለቤቶቻችሁ ይህን ሲሰሙ የሚሰጡትን አስተያየት ለእናንተ እተወዋለሁ።

እስከ አሁን የተናገርሁት ደስ የሚያሰኘውን ክፍል ነው። ነገር ግን ከልጅ ጋር የሄደ ሰው አንድ ከባድ ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል። አንበሳው ከተኛበት ተነሥቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መመላለስ ይጀምራል። በአንድ መሥመር ይሄዳል፤ በአንድ ቦታ ይዞራል፤ እግሩን ቀድሞ ካሳረፈበት ላይ ያሳርፋል። ልጁም «አባባ፣ አንበሳው ለምን ይንጐራደዳል? ምን ጠፍቶት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

«እየተንሸራሸረ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እውነት ግን አይደለም። ሮስ ክላብና ጆርጂያ ሜሰን የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በግቢ የሚኖሩ ሥጋ በል አራዊትን አነጻጽረው፣ በዱር ሰፊ አገር የሚያካልሉት ወገኖች በግቢ ውስጥ ይበልጥ እንደሚንጐራደዱና ግልገሎቻቸውም ይበልጥ እንደሚሞቱባቸው አሳዩ። ከሁሉም የከፋ ሁኖ የተገኘው የዋልታ ድብ ነው፤ አንበሳም ሰፊ አገር ከሚያካልሉት ወገን ነው። መንጐራደድ እንግዲህ አውሬው በተፈጥሮው ሊሠራው የሚፈልገውን ለመሥራት አለመቻሉን የሚያመለክት ነው። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሠራተኛ በቢሮው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል ያየ ሰው ጥቂት ሊረዳው ይችላል።

እኔ ለልጅ እውነቱ ይነገረው ባይ ነኝ። «ልጄ፣ ይህ አንበሳ በዱር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌሊት ብዙ ይጓዝ ነበር፤ እዚህ ግን የሚጓዝበት የለውም» ቢባል ልጁ አይጐዳም። ቀጥሎ የሚጠይቀው «ታዲያ ምን ይደረግለት?» ብሎ ነው፤ ለዚህም መልስ አለ። መልካም አሠራር ባለባቸው ቦታዎች ጠባቂዎች ሥጋውን በአንድ ገበታ ከማቅረብ ይልቅ በልዩ ልዩ ስፍራ ይደብቁለታል፤ አንበሳው ፈልጎ ያገኘዋል። ጥፍሩን የሚስልበት ግንድ፣ ከፍ ብሎ የሚያይበት መደብ፣ ሰው ሲበዛበት የሚሸሸግበት ጥላ ያበጁለታል። የሌላ እንስሳ ሽታ ያለበትን ገለባ ያስገቡለታል፤ ሰዓታት ሲያሸትት ይውላል። ልጁን በዚህ ግቢ ከነዚህ መካከል የትኛው እንዳለና የትኛው እንደሌለ እንዲፈልግ ብታደርጉት፣ ከጎብኚነት ወደ ተመልካችነት ይሻገራል። የጎደለ ነገር ካያችሁ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ማሳሰብ ከባድ አይደለም። ማመልከቻ መጻፍ ለኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የዕለት ሥራችን ነው።

በተቃራኒው አንበሳውን ለማነቃቃት የሚደረገው ሁሉ ጉዳት ነው። አንድ እሑድ ቀን፣ የትኛው ግቢ እንደ ሆነ አልናገርም፣ በሚገባ የለበሰ አንድ ሰው አንበሳው እንዲነሣ የብርቱካን ልጣጭ ሲወረውርበት አየሁ። አንበሳው አንድ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ጨፈነ። ከአባቱ ጎን የቆመው አራት ወይም አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጎንበስ ብሎ ጠጠር አነሣ። በዕድሜ የገፉት ጠባቂ አባትየውን ሳይናገሩ ወደ ልጁ ቀርበው፣ «የኔ ልጅ፣ አንተ ተኝተህ ሳለ ሰው በድንጋይ ቢቀሰቅስህ ትወዳለህ?» አሉት። ልጁ ጠጠሩን ጣለ። አባትየው ሰዓቱን ተመለከተ።

ጠጠር ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ሙዝ፣ ቆሎና ብስኩት ለዝንጀሮና ለጦጣ መወርወር የቸርነት ሥራ ይመስለናል፤ ነገር ግን የእንስሳቱ ምግብ በመጠን የተደለደለ ስለ ሆነ በመቶ የሚቆጠር ጎብኚ በአንድ እሑድ ጥቂት ጥቂት ቢሰጥ በሽታ ነው። ከሁሉ የከፋው ፌስታል ነው። የጨው ወይም የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል አጋዘን ወይም ድኩላ ቢውጠው በሆዱ ውስጥ አይፈጭም፤ አይወጣምም፤ እየተጠቀለለ የምግቡን መንገድ ይዘጋል። እንስሳው ሲሞት ምክንያቱ የሚታወቀው ሆዱ ሲከፈት ነው። ስለዚህ ስንቃችሁን ከግቢው መግቢያ በፊት ወይም ለመመገቢያ በተለየው ቦታ ብሉና ፌስታሉን አጥፋችሁ በኪሳችሁ አድርጉ።

ጥንቃቄ ለእናንተም ያስፈልጋል። በብዙ ቦታ ከፍርግርጉ ፊት ሌላ ዝቅ ያለ አጥር አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ የተተወው የአንበሳ ክንድ እንዳይደርስ ነው። ሕፃን ልጅ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲባል ከዚህ አጥር በላይ አንሥቶ ማስቀመጥ፣ አባት የሆነ ሰው ሊያደርገው የማይገባ ነገር ነው። አንበሳው ለማዳ ነው ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ቢኖር አትስሙት፤ የለመደው ጠባቂውን ነው እንጂ እናንተን አይደለም።

በኅዳር 1999 ዓ.ም. ስለ አዲስ አበባው የአንበሳ ግቢ አንድ አሳዛኝ ዜና በዓለም ተሰራጭቶ ነበር። አንበሶቹ በመራባታቸው ለሁሉም የሚበቃ ቦታና ገንዘብ ስላልተገኘ፣ አንዳንድ ደቦሎች በመርዝ እንዲሞቱ ይደረግ እንደ ነበረና፣ በድናቸው ተሞልቶ ለጌጥ እንዲሆን ይሸጥ እንደ ነበረ፣ አስተዳደሩ ራሱ ለዜና ወኪሎች ማመኑ ተዘገበ። ይህን የማወሳው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ይህ ሁሉ የሆነው ግን አንበሳ በሳንቲማችን ላይ፣ በሐውልታችን ላይ፣ በሆስፒታላችን ስም ላይ እያለ ነው። ከዚያ 6 ዓመት ያህል ቈይቶ የውጭ አገር ሊቃውንት ዘሩ ልዩ ነው ብለው ጻፉ። በ7 አንበሶች የተጀመረ ወገን እርስ በርሱ እየተዋለደ ሲኖር የዘሩ ብርታት እንዳይዳከም፣ የትኛው ከየትኛው እንደ ተወለደ የሚመዘገብበት መዝገብ፣ ለእንስቶቹና ለወንዶቹ መለያያ ቦታ፣ የእንስሳት ሐኪምም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። በበሩ ላይ የምትከፍሉት የመግቢያ ዋጋ ለሥጋው ዋጋ የሚበቃ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል፤ በእሑድ ቀን የሚመጣው ሕዝብ ብዛትም ለአስተዳደሩና ለበጀት ክፍሉ የሚናገረው ነገር አለው።

ልጆቻችሁ «በዱር ያለው አንበሳስ አልቋል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ አላለቀም በሏቸው። በመላው አፍሪካ የቀረው የዱር አንበሳ ከ20 ሺህ እስከ 25 ሺህ ያህል እንደሚሆን ይገመታል፤ ይህም ከአንድ መካከለኛ ከተማ ሕዝብ ያነሰ ነው። በኛም አገር አለ። በየካቲት 2016 ሐንስ ባወር የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሱዳን ጠረፍ፣ በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸውን አስታወቁ። ዱካቸውን በአሸዋ ላይ ተከትለው፣ በዛፍ ግንድ ላይ ባሰሩት ፎቶግራፍ ማንሻ በሌሊት ሥዕላቸውን አንሥተው ነው ማረጋገጫ ያገኙት። አላጥሽንና በሱዳን በኩል የሚዋሰነውን ዲንደርን አንድ ላይ ቢቈጥሩ ከ100 እስከ 200 የሚሆኑ አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ገመቱ። የአካባቢው ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ግን ለዚህ ዜና እንግዳ አልነበሩም።

እንግዲህ የሚሄድ ሰው መቼ ይሂድ? ቀትር አይሆንም፤ አንበሳውም አይነሣም፤ ልጆቹም በፀሐይ ይቃጠላሉ። በጧት በሩ እንደ ተከፈተ፣ ወይም ከመዘጋቱ በፊት ባለው ሰዓት ብትደርሱ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አራዊቱ ይንቀሳቀሳሉ። የመግቢያውን ሰዓትና የምግቡን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚመገቡበትን ሰዓት ለማግኘት ከቻላችሁ የአንበሳ ምላስ እንደ ሞረድ ሸካራ ሆኖ ሥጋውን ከአጥንቱ ላይ ሲፍቅ ታያላችሁ። ጠባቂዎቹን በአክብሮት አነጋግሩ፤ እያንዳንዱን አንበሳ በስምና በጠባይ ያውቃሉ፤ ከማናቸውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ነገር ይነግሯችኋል። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ለልጁ ወረቀትና እርሳስ ስጡት፤ ጅራቱን ብቻም ቢሆን ይሣል።

ከተቻለም እስከ መዝጊያው ሰዓት ቈዩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዱ ራሱን ወደ ምድር ዝቅ አድርጎ በዝግታ ማጕረምረም ይጀምራል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ ድምፁም እየበረታ ሄዶ ማግሳት ይሆናል። በዱር ይህ ድምፅ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚሰማ ሲሆን፣ አንበሳ ለጎረቤቱ «ይህ አገር ባለቤት አለው» የሚልበት፣ ለዘመዱም ያለበትን ቦታ የሚያስታውቅበት ነው። ከቅርብ የሰማው ሰው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በደረቱም ይሰማዋል፤ ትንንሾቹ ልጆች ደንግጠው እጃችሁን ይይዛሉ፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ያን ዕለት ዝንጀሮዎቹንና ኤሊዎቹን ለማየት ጊዜ ካልበቃችሁ ለሌላ እሑድ አቆዩአቸው።